ሳይነሱ የቀሩት አሻንጉሊቶች

በእኔ እጅ ሰው ወድቆ አያውቅም። ቶሮንቶ ከመጣሁ ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞርኩ አዛውንት ስንከባከብ፣ ሻወር ሳስገባ፣ ከአልጋ ሳነሳ፣ በበረዶ ቀን ደረጃ ሳስወርድ፣ አንድም ሰው ከእጄ አምልጦ ወለል አልነካም። በዚህ እኮራ ነበር። ኤጀንሲው አስቸጋሪ ደንበኛ ሲገጥመው «ስመኝን ላኩለት» ይላል። ሚስስ ሞሪሺታ ሲወድቁም እኔ አጠገባቸው አልነበርኩም፤ ቤቴ ገብቼ ራቴን እየበላሁ ነበር። ስለዚህ ዛሬም በእኔ እጅ ሰው ወድቆ አያውቅም ብል ውሸት አይሆንም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ብዬዋለሁ። አልጠቀመኝም።

ሚስስ ሞሪሺታ የሰማንያ አምስት ዓመት ጃፓናዊት ነበሩ። ጃፓናዊት ልበል እንጂ የተወለዱት እዚሁ ካናዳ፣ ቫንኩቨር ነው፤ ጃፓንን ያዩት አንድ ጊዜ ለጉብኝት ሄደው ብቻ ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ኖርዝ ዮርክ ውስጥ፣ ከዶን ሚልስ መንገድ ገባ ብላ ባለች ፎቅ የሌላት የጡብ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንድ ልጃቸው ካሮል ኦታዋ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ በሦስት ሳምንት አንዴ መኪናዋን እየነዳች ትመጣለች። ካሮል ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፣ አልወለደችም። እኔ ከቶርንክሊፍ ፓርክ በሃያ አምስት ቁጥር ባስ ተሳፍሬ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ እሄድላቸዋለሁ። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እላቸው ስለነበር እዚህም እንደዚያው እላለሁ።

በኖቬምበር ወር ኩሽና ውስጥ ተንሸራተው ወድቀው ነበር። ያኔ እኔ ገና አልተመደብኩም። ጉልበታቸው በልዞ ተረፉ። እኔን ሲመድቡኝ ካሮል ወደ ኦታዋ ከመመለሷ በፊት በእኔ ፊት ቁርጡን ነገረቻቸው። «እማማ፣ ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ ከወደቅሽ ነርሲንግ ሆም፣ መጦሪያ መግባት ነው። ሌላ ምርጫ የለኝም» አለቻቸው። አሮጊቷ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ልጃቸው ስትወጣ ወደ እኔ ዞረው «እኔ ከዚህ ቤት መውጣት አልፈልግም፤ ስለዚህ አልወድቅም። አንቺም አትጥዪኝም» አሉኝ፤ በቀልድ ነው ያሉት፣ ግን አልሳቁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ይሄው ሆነ። ምንጣፎቹን ጠቅልዬ አነሳሁ። የቴሌቪዥኑን ገመድ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ለኩሽናው መደርደሪያ የሚወጡበትን መሰላል ምድር ቤት ወስጄ ከማሞቂያው ጀርባ ደበቅኩት። ሲፈልጉት አይቻለሁ፤ ዝም አልኩ። ምርኩዛቸውን፣ ያቺን ባለአራት እግር ዎከር፣ ከእጃቸው ሳትርቅ እንድትቆም እንደ ሕፃን እቆጣቸው ነበር። ክረምቱ እንደዚያ ዓመት ከፍቶ አያውቅም፤ በገና ሰሞን ከተማው በሙሉ በበረዶ ግግር ተሸፍኖ መብራት ጠፋ፤ እሳቸው ግን ሳይወድቁ ፌብሩዋሪን ጨረሱ ማለት ይቻላል።

በፌብሩዋሪ አጋማሽ አንድ ሰኞ ገብቼ ሳሎኑን ሳየው እግሬ ቆመ። ቅዳሜና እሁድ ካሮል መጥታ ነበር። በመስኮቱ በኩል ባለሦስት እርከን መደርደሪያ ተዘርግቶ ደማቅ ቀይ ጨርቅ ለብሷል። እላዩ ላይ አሻንጉሊቶች ተደርድረዋል፤ ከላይ ንጉሥና ንግሥት፣ ከሥራቸው ሦስት ሴቶች፣ ከታች አምስት ሙዚቀኞች። ፊታቸው እንደ ኖራ ነጭ ነው። ከፊት ለፊታቸው በሳህን ሮዝ፣ ነጭና አረንጓዴ ሆኖ የተደራረበ የሩዝ ኬክ ቀርቧል፤ በትንንሽ ስኒም የሚጠጣ ነገር አለ። ጃኬቴን ሳላወልቅ በሆዴ «በኢየሱስ ስም» አልኩ።

እኔ ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ። ያደግኩበት ቤት ለአድባር ዛፍ ቅቤ ይቀባ ነበር፤ ከግንዱ ሥር ንፍሮ ይበተናል፣ አረቄ ይፈስሳል፤ እኔም ልጅ ሆኜ ሰሃኑን ይዤ ሄጃለሁ። ጌታን ሳምን ያንን ሁሉ እርግፍ አድርጌ ተውኩ፤ በዚያ ምክንያት ከአባቴ ጋር ሳንታረቅ ሞተ። ስለዚህ ምግብ የሚቀርብለት ነገር ሳይ ጸጉሬ ይቆማል። ሰው ይሄን ካልተረዳልኝ የሚቀጥለውንም አይረዳልኝም።

«ሂናማትሱሪ ይባላል» አሉ ሚስስ ሞሪሺታ ፊቴን አይተው። «የሴት ልጆች ቀን ነው። ማርች ሦስት።»

«ይሰግዱላቸዋል?» አልኳቸው።

ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ኧረ እኛ የምናያቸው ብቻ ነው።»

«ምግቡስ?»

«እሱንም የምንበላው እኛው ነን። ቅመሺ።»

አልቀመስኩም። ጾም ላይ ነኝ አልኩ፤ እውነትም በዚያ ሳምንት ለልጄ ጋብቻ እየጾምኩ ነበር። ከዚያ በኋላ ሳሎኑን ሳጸዳ ያንን ጥግ እዘለዋለሁ፤ ወደዚያ ዞሬም አላይም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዚያ መስኮት ሥር አሥር ፍጥረት ቆመው ሲያዩኝ እኔ አንዱንም በቅጡ አላየሁትም።

በሌላ ቀን፣ እግራቸውን ቅባት እየቀባሁላቸው፣ ደንቡን ነገሩኝ። በዓሉ እንዳለፈ አሻንጉሊቶቹ ወዲያው መነሳት አለባቸው። በእሳቸው ቤት ልማድ እዚያው ዕለት፣ ማርች ሦስት ማታ፣ ሰው ከመተኛቱ በፊት ነው። ቆመው ካደሩ የቤቱ ሴት ልጅ ሳታገባ ትቀራለች ይባላል። እኔ ሳላስበው ዓይኔ ግድግዳው ላይ ወዳለው የካሮል ፎቶ ሄደ። እሳቸውም አዩኝ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ካሮል ከተወለደች ጀምሮ አንድም ሌሊት አሳድሬያቸው አላውቅም። ያም ሆኖ አላገባችም። ነገሩ ማግባት አይደለም።»

ነገሩ ምን እንደሆነ የነገሩኝ ቀስ ብለው ነው። በፈረንጆቹ አርባ ሁለት፣ ካናዳ ከጃፓን ጋር ስትዋጋ፣ እሳቸው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። መንግሥት ጃፓኖችን በሙሉ ከባሕር ዳርቻው ልቀቁ አላቸው። በማርች ወር ነበር፤ እናታቸው በጭንቀት ላይ ስለነበሩ በዚያ ዓመት አሻንጉሊቶቹን ሳያነሷቸው ቀሩ፤ ዛሬ ነገ ሲሉ የመውጫው ቀን ደረሰ። ሻንጣቸውን ይዘው ሲወጡ አሻንጉሊቶቹ በቀዩ ጨርቅ ላይ ቆመው ነበር። ቤቱም ዕቃውም ከዚያ በኋላ የሌላ ሰው ሆነ። ታላቅ እህታቸው ፉሚኮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ታጭታ ነበር። በሁለተኛው ክረምት መንግሥት ተራራ ውስጥ ባጎራቸው ካምፕ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች።

«እናቴ እስክትሞት ድረስ ‘ቆመው ተዉኳቸው’ ትል ነበር» አሉ። «እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ፉሚኮን የገደላት በሽታና ብርድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ልጅ እያለኝ ቆመው እንዲያድሩ አልፈልግም።»

አሳዘኑኝ። ቢሆንም በልቤ ‘ይኸው፣ እንደ አድባሩ ነው’ አልኩ። እኔ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

እሁድ፣ ማርች ሁለት፣ ከቸርች መልስ ቆንጂት ቤቴ መጣች። ቆንጂት የጸሎት ጓደኛዬ ናት፤ እሷም እንደኔ አዛውንት ትንከባከባለች። ልጄ ሆሣዕናም ቤት ነበረች። ሆሣዕና ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ባንክ ትሠራለች፤ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ስለ አሻንጉሊቶቹ አነሳሁ።

«እነሱ አሻንጉሊት ይበሉት እንጂ ምግብ ከቀረበለት ጣዖት ነው» አለች ቆንጂት። «እጅሽን እንዳታስነኪ ስመኝ። እኛ እዚህ ለሆሣዕና በር ይከፈት እያልን እየጾምን፣ አንቺ እዚያ በሩን የሚዘጋ ነገር ልትነካኪ ነው?»

«አንቲ ቆንጂት፣ ጉግል አድርጌዋለሁ እኮ» አለች ሆሣዕና ከስልኳ ቀና ሳትል። «ጀስት ዶልስ ናቸው። እናቶች ለልጆቻቸው ጤና ብለው ነው የሚያወጧቸው። ኢትስ ስዊት።»

«አንቺ ዝም በይ፣ አይገባሽም» አልኳት።

ያኔ ስልኳን አስቀመጠችና አየችኝ። «ማሚ፣ ትራሴ ሥር ያደረግሽው መሀረብስ ምንድን ነው?»

ከሁለት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ የመጣ ነቢይ ዘይት ቀብቶ የጸለየበትን መሀረብ ነው። ባል እንድታገኝ ብዬ ከትራሷ ሥር ሸሽጌው ነበር። እሷ ግን አንሶላዋን ስትቀይር እያነሳች፣ መልሳ እያስቀመጠች ሁለት ዓመት ሙሉ ትንፍሽ አላለችም። ቆንጂት አቀርቅራ ሻይዋን አማሰለች። ደሜ ፈላ። «ያ የተጸለየበት ነው» አልኳት። «ኦኬ» አለችና ክፍሏ ገባች። ያቺ «ኦኬ» እስከ ማግስቱ ስታቃጥለኝ አደረች። ሰኞ ባስ ላይ ስወጣ ለማንም፣ ለምንም ላልበገር ቆርጬ ነበር።

ሰኞ ብርዱ ፊት ይቆርጥ ነበር። ሚስስ ሞሪሺታን ሻወር አስገባኋቸው፣ ጸጉራቸውን አደረቅኩ፣ ሾርባ አሞቅኩላቸው። በዓል ነው ብለው ሐምራዊ ሹራባቸውን እንዳለብሳቸው ጠየቁኝ። ደስ ብሏቸው ነበር። ልወጣ አንድ ሰዓት ሲቀረኝ ወደ መኝታ ክፍላቸው ሄዱና በዎከራቸው ቅርጫት ስስ ነጭ ወረቀት ክምር ይዘው ተመለሱ። ሳጥኖቹ ካሮል ካመጣቻቸው ጀምሮ ከሶፋው ጀርባ ነበሩ።

«አሁን እናንሳቸው» አሉ። «እኔ ተቀምጬ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ታወርጃለሽ። በመጀመሪያ ከእጃቸው ያለውን ዕቃ ታወጪና ለብቻው ትጠቀልያለሽ። ከዚያ ፊታቸውን በዚህ ወረቀት ትሸፍኛለሽ፤ ፊታቸውን በእጅ አይነኩም፣ ይቆሽሻል። ግማሽ ሰዓትም አይፈጅም።»

«አልችልም» አልኩ።

«ደከመሽ?»

«አይ። ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም። ጣዖት አልነካም።»

ያልተቆጡት ነገር ነው የባሰብኝ። «ጣዖት አይደሉም ስመኝ። ነግሬሻለሁ።»

«ለእርስዎ አይደሉም። ለእኔ ናቸው። ካሮል ስትመጣ ታንሳቸው።»

«ካሮል የምትመጣው ቅዳሜ ነው። ደውዬላታለሁ፤ እስከ ቅዳሜ ይቆዩ አለችኝ። እሷ አታምንበትም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ ላይ መድረስ ባልችል ነው እንጂ አላስቸግርሽም ነበር» አሉ።

ይቺን ስሰማ ልቤ ትንሽ ተነቃነቀ። አሁን ሳስበው እዚያ ጋ ነው መንገዱ የነበረው። ግን የሆሣዕና «ኦኬ» ትዝ አለኝና ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። «ይቅርታ» አልኳቸው። እሳቸውም «ገባኝ» አሉና ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስተካክለው አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ አንዴም አልለመኑኝም።

የቀረውን ሥራዬን አንድ በአንድ ሠራሁ። ሻይ አፈላሁላቸው። ዎከሩን አጠገባቸው አቆምኩ። አንገታቸው ላይ ያለውን የአደጋ ጊዜ መጥሪያ ሞከርኩ። በመዝገቡ ላይ «ደህና ናቸው፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል» ብዬ ጻፍኩ፤ እውነት ነበር። ጫማዬን ስስር ከሶፋው ሆነው «ደጁ ያንሸራትታል፤ እንዳትወድቂ» አሉኝ።

ባስ ውስጥ ሆኜ ምን እንደተሰማኝ አልደብቅም። ኩራት ነው የተሰማኝ። ለምስሉ አንሰግድም ያሉትን ሦስቱን ወጣቶች፣ ሲድራቅን፣ ሚሳቅን፣ አብደናጎን እያሰብኩ፣ እኔም ከእሳቱ ወጣሁ እያልኩ ነው ቶርንክሊፍ የደረስኩት። ሆሣዕና ፓስታ ሠርታ ጠበቀችኝ። ታርቀን በላን።

ማክሰኞ ጠዋት ኤጀንሲው ደወለ። ሚስስ ሞሪሺታ ማታ ወድቀው ሆስፒታል ገብተዋል፤ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል። የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር እስከ መስኮቱ እየገፉ ወስደው እላዩ ላይ ወጥተው ነው የወደቁት። መጥሪያውን ተጭነው አምቡላንስ መጣላቸው። አስተባባሪዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ስትወጪ ሁሉም ነገር በእንክብካቤ ፕላኑ መሠረት ነበር?» አዎ አልኩ። አሻንጉሊት ማንሳት ፕላኑ ላይ የለም። «እሳቸውም ‘ስመኝን ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የራሴ ግትርነት ነው’ ብለዋል፤ ስለዚህ አትጨነቂ» አለችኝ።

መሰላሉን ደብቄባቸው ነበር። ወንበር መኖሩን ረሳሁ። ወይም አልረሳሁም፤ ይወጣሉ ብዬ አላሰብኩም። ስልኩን ዘግቼ የኩሽናዬ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሳቸው የፈሩትን ያደረስኩት ግን እኔ ነኝ። ማታ ለሆሣዕና ስነግራት ትከሻዬን አቅፋ «ማሚ፣ ኢትስ ኖት ዩር ፎልት» አለችኝ። እንድረዳቸው ለምነውኝ እምቢ ማለቴን አልነገርኳትም። እሷ ሻወር ስትገባ ክፍሏ ገብቼ ትራሷን አነሳሁ። መሀረቡ ተጣጥፎ እዚያው አለ። ይዤው ቆሜ፣ የት እንደምጥለው ሳላውቅ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

ዳሌያቸው ተሠራ፤ እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ አልተነሱም። በማርች መጨረሻ ነርሲንግ ሆም አስገቧቸው። ቁልፋቸውን ኤጀንሲው ተቀበለኝና ሌላ ደንበኛ ተመደበልኝ። አንድ እሁድ ቸርች ቀርቼ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ክፍሉን በመጋረጃ ከሌላ ሴት ጋር ይጋራሉ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ቴሌቪዥን ይጮሃል። ሐምራዊው ሹራብ ሰፍቷቸዋል። አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ሰው እንደዚያ ያልቃል ብዬ አላውቅም ነበር፤ እኔ ስንቱን አይቼ።

እጃቸውን ያዝኩ። አወቁኝ። ይቅርታ ልላቸው ነበር የሄድኩት፤ በባሱ መንገድ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለማመደው ነበር። እሳቸው ቀደሙኝ።

«ስምንቱን ጠቅልዬ ነበር» አሉ። «ታችኞቹን ተቀምጬ ነው ያወረድኳቸው። ንጉሡና ንግሥቲቱ ቀርተውብኝ ነበር። አነሳሻቸው?»

አሻንጉሊቶቹ የት እንዳሉ አላውቅም ነበር። ቤቱ ተቆልፏል፤ ካሮል ምንም ሳትነካ እየመጣች እየሄደች እንደሆነ ኤጀንሲው ነግሮኛል። ግን ዓይናቸው ውስጥ ያለውን ነገር ሳይ እውነቱን መናገር አልቻልኩም። ለእውነት ብዬ እምቢ ያልኳቸው ሴት ፊት ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ።

«አነሳኋቸው» አልኩ። «ያን ዕለት ማታ። ሆስፒታል መግባትዎን እንደሰማሁ ተመልሼ ሄጄ፣ ሳያድሩ አነሳኋቸው።»

«በዚያው ሌሊት?»

«በዚያው ሌሊት።» የደወሉልኝ ማክሰኞ ጠዋት መሆኑን እሳቸው አያውቁም ብዬ ነው።

«ፊታቸውን ሸፈንሽ?»

«በወረቀቱ። በእጄ አልነካሁም።»

«የንግሥቲቱ ማራገቢያስ?»

«ከእጇ አውጥቼ ለብቻው ጠቅልዬዋለሁ፤ እንዳሉኝ።»

ያኔ ትክ ብለው አዩኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያዩኝ። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ቴሌቪዥን ሰው ያስቃል። ከዚያ የእኔን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው መታ መታ አደረጉት። «ጎበዝ» አሉኝ። «እንግዲህ ካሮል ደህና ትሆናለች። አመሰግናለሁ ስመኝ።»

የይቅርታውን ንግግር ሳልናገረው ወጣሁ። እውነት ለመናገር ቀሎኝ ነበር። ለአንዲት የምትሞት ሴት ሰላም ሰጠሁ፣ እግዚአብሔርም ይቺን ውሸት ይረዳልኛል እያልኩ ነው የተመለስኩት። ካሮልን አስፈቅጄ ሄጄ አነሳቸዋለሁ፣ ያኔ ውሸቱም ግማሽ እውነት ይሆናል ብዬም አሰብኩ። አልደወልኩላትም። ምን ብዬ ልደውል? ዛሬ ነገ ስል ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ሞቱ ተብሎ ተደወለልኝ።

ቀብራቸው ላይ ሌላ ነገር አወቅኩ። ሥርዓቱ የተደረገው ቸርች ውስጥ ነው። ፓስተሩ ለአርባ ዓመት የኳየር አባል እንደነበሩ ተናገረ። ተነስተን የዘመርነውን መዝሙር እኔ በአማርኛ በቃሌ አውቀዋለሁ። ለወራት እቤታቸው ስመላለስ ምን ታመልኪያለሽ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም እኔ ስለ ጣዖት ስነግራቸው እኔም ክርስቲያን ነኝ አላሉኝም። ሰው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ተቀመጥኩ።

በኋላ ካሮልን አገኘኋትና ቤቱን ስታጸዳ ልርዳሽ አልኳት። በሳምንቱ ቅዳሜ ነይ አለችኝ። ስደርስ ጓሮው ውስጥ የመጨረሻው በረዶ ቀልጦ አፈሩ ጭቃ ሆኖ ነበር። ሳሎኑ የታፈነ አየር ይሸታል። ቀዩ ጨርቅ እንደተዘረጋ ነው። ከታች ያሉት ሁለቱ እርከኖች ባዶ ናቸው፤ ላይኛው ላይ ንጉሡና ንግሥቲቱ ጎን ለጎን ቆመዋል። አቧራ ለብሰዋል። ወንበሩ ከፊታቸው ነው፤ አንዱ እግሩ የተጠቀለለውን ምንጣፍ ጫፍ ረግጧል። ያንን ምንጣፍ ጠቅልዬ ጥጉ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

«መንካት አቅቶኝ ነው» አለች ካሮል።

ያኔ ሁሉንም ነገርኳት። ለምነውኝ እምቢ ማለቴን፣ ጣዖት ማለቴን፣ ነርሲንግ ሆም ሄጄ አነሳሁ ብዬ መዋሸቴን። አልቅሼ ነው የነገርኳት፤ ማልቀስ አልፈለግኩም ነበር። ካሮል ሶፋው ላይ፣ እናቷ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ። ምንም አይደለም አላለችኝም። አልሰደበችኝምም። «እኔንም ለምናኛለች፤ እስከ ቅዳሜ ይቆዩ አልኳት» አለች። ከዚያ ተነስታ ስሱን ወረቀት አመጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ንጉሡን እሷ አነሳችው። ሰይፉን ከወገቡ አውጥታ ለብቻው ጠቀለለች። ንግሥቲቱን እኔ አወረድኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየኋት፤ ትንሽ አፍ፣ ቀጭን ቅንድብ፣ የደከማት ዓይነት ፊት ነው ያላት። ልብሷ ድርብርብ ሆኖ እጆቿ ከእጅጌው ብቅ ብለዋል። አንድ ነገር እንደያዙ ሆነው ተጠምዘዋል፤ ግን ምንም አልያዙም።

«ማራገቢያዋ ወድቋል» አልኩ። ሥራዬን ሳላስብ ተንበርክኬ ከጨርቁ ሥር፣ ከመስኮቱ ሥር እዳብስ ጀመር። «ከእጇ ወድቆ መሆን አለበት፣ እዚሁ ይኖራል።»

«አትፈልጊ» አለች ካሮል። «ማራገቢያ የላትም። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ስጫወትበት በረዶ ውስጥ ጣልኩት። ቢፈለግ ቢፈለግ አልተገኘም።»

ከተንበረከክኩበት ቀና አልኩ። «እናትሽ ያውቃሉ?»

«እንዴት አታውቅ?» አለች። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ በየማርቹ፣ እሷን ጠቅልላ ሳጥን ስታስገባ ‘ማራገቢያዋን እኮ’ ሳትለኝ ቀርታ አታውቅም።»

ካሮል ሌላም ነገር ተናገረች፤ አልሰማኋትም። እጃቸው በእጄ ላይ መታ መታ ሲል ይሰማኝ ነበር። ንግሥቲቱ ቆማ እንዳለች ያኔውኑ አውቀዋል። ፈርተውት የኖሩት ነገር መድረሱን፣ ለካሮል የሚያደርጉት ሌላ ምንም እንዳልቀራቸው አውቀው ነው አመሰግናለሁ ያሉኝ። እኔ ሰላም ሰጠኋቸው ብዬ ወጣሁ። የሰጡኝ እሳቸው ነበሩ።

ወረቀቱን ዘረጋሁ። ፊቷን እንዳልነካ ተጠንቅቄ ሸፈንኩት። ባዶ እጆቿ እንዳይሰበሩ በጥጥ ጠቀለልኳቸውና ሳጥኑ ውስጥ አስተኛኋት። ኤፕሪል ሃያ ስድስት ነበር፤ ሃምሳ አራት ሌሊት ቆማ አድራለች።